እድር የመንግሥትን ዕዳ አይከፍልም

በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና እናያለን። ባለሥልጣን፣ የሃይማኖት አባት፣ የእድር ዳኛና ባለሀብት ተሰልፈው ዘይትና ዱቄት ያድላሉ። ስሙ «ማዕድ ማጋራት» ነው። እናቶች ካሜራ ፊት ይመርቃሉ። ደስ ይላል፤ ግን እኮ በዓሉ ካለፈ በኋላ ማን ነው የሚጠየቀው?

እንግባባ፤ እድርን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሁሉ ሐዘን ባስቀመጠበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ሕሙማንን ቤታቸው ሄደው አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። መንግሥት ያልደረሰበት ቤት ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ደርሰዋል። መንግሥት ከእነሱ ጋር ይሥራ፤ የራሱን ግዴታ ግን እነሱ ትከሻ ላይ አይጣል።

ግዴታ ስል ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41(5) አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ልጆችን አቅም በፈቀደ መጠን የመርዳት ኃላፊነትን ለመንግሥት ሰጥቷል። አቅም ውስን ነው፣ እሺ። ባለዕዳው ማን እንደሆነ ግን ተጽፏል።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሲስተም ስንሠራ የሚያስጨንቀን ሁሉ ነገር የተሟላለት ተጠቃሚ አይደለም፤ ፎርሙ የማይመጥነው ሰው ነው። እድር አባሉን ያውቃል። ወርሃዊ መዋጮ ያቃታት፣ ከሌላ ሰፈር በቅርቡ የመጣች ተከራይ ግን መዝገቡ ላይ የለችም። ስሟ ሲዘለል ለማን አቤት ትበል? እድሩ «እኛ በጎ ፈቃደኞች ነን» ይላል፤ ወረዳው «ዝርዝሩ ከእድሩ ነው የመጣው» ይላል። በእኛ ሙያ ይሄ ባለቤት የሌለው ባግ ነው። እሷ ቤት ግን ራት የለም ማለት ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን እዩ። መክፈል የማይችለውን በመለየት ማኅበረሰቡ ይሳተፋል፤ መዋጮውን የሚሸፍንለት ግን መንግሥት ነው። ጉድለት ሞልቶታል፤ «መድኃኒት የለም» ተብሎ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ቢያንስ ግን ማን ምን እንደሚከፍል ተለይቷል።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ እድር ላይ «አጋር ሁኑ» የሚል ደብዳቤ ሲነበብ ሦስት ነገር ይጠየቅ። በጀቱ ስንት ነው? የመምረጫው መስፈርት የት ተለጥፏል? የተዘለለ ሰው አቤቱታውን ለማን ያቀርባል፣ በስንት ቀንስ መልስ ያገኛል? መልስ ከሌለ ፊርማም አይኑር። የእድሩ ካዝና ውስጥ ያለው የእናቶቻችን የቀብር ገንዘብ ነው፤ የመንግሥት መጠባበቂያ በጀት አይደለም።