ካፕሱሉን ቁስሉ ላይ አትነስንሱት!

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቤቷ ስትገባ ለቁስሏ መድኃኒት አዛዡ ብዙ ነው። አክስት፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ... "ቶሎ እንዲደርቅልሽ" ተብሎ የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ይነሰነሳል። ይሄ ነገር በቃ መቆም አለበት ባይ ነኝ። ካፕሱሉ የተሠራው ተውጦ በደም በኩል እንዲሠራ ነው። ላዩ ላይ ሲነሰነስ ቆዳውን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ከፈሳሹ ጋር ይጋገርና ቁስሉን ይሸፍነዋል። ከሥር መግል ቢይዝ በምን ታዩታላችሁ? አልኮልም ያው ነው። ስላቃጠለ አዳነ ማለት አይደለም፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳል።

የተሰፋ ንጹሕ ቁስል ብዙ አይፈልግም። ሐኪማችሁ ሌላ ካላለ ፋሻው ለ48 ሰዓት አይነካ፤ ከዚያ ሻወር ይቻላል፣ ሳይታሽ በንጹሕ ፎጣ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማድረቅ ነው። የሚነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። (ለጥየቃ የመጣ ሁሉ ገልጦ ማየት የለበትም!)

"ቀላ ወይ?" ብቻ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። ዙሪያው ካበጠ፣ ከጠጠረ ወይም ከሞቀ፣ ቀንሶ የነበረው ሕመም ከባሰ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁን ወረቀትም ያዙ።