ሌሊቱን የተኛው ላፕቶፕ

ባለፈው ሚያዝያ እህቴን ልጠይቅ ግራና ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ ነበር። ግራና በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ናት፤ ከ«ቆቦ ግራና ሸለቆ» የመስኖ ልማት ጋር ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። አሮጌ ላፕቶፔን እንደማመጣላት ስለነገርኳት፣ የፊዚክስና የሒሳብ ቪዲዮዎችን ዝርዝር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ ሃያ ሁለት ናቸው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ እሱን ገዛች። «እኔ ልክፈል» ብላት «አብሽር አጎቴ፣ ያጠራቀምኳት አለችኝ» ብላ እምቢ አለች። የስልኳን ሆትስፖት ከፍተን፣ ማውረዱን አስጀምረን ተኛን።

ጠዋት ላፕቶፑ ጨልሞ አገኘነው። የወረዱት ሦስት ብቻ ሲሆኑ አራተኛው መሐል ላይ ቆሟል። የጥቅሉ ጊዜ ደግሞ አልፏል። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ዝርዝሩን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ኔትወርኩ ነዋ!» አለች እህቴ። አይፈረድባትም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ ወቅት የወልድያና የመርሳ አካባቢ ሰው ለወራት ያለ ስልክና ያለ መብራት ከርሟል፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ኔትወርኩ አልበደለም። እንቅልፍ የወሰደው ላፕቶፑን ነው።

ላፕቶፕ ለጥቂት ደቂቃ የሚነካው ካጣ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን ያስተኛል። እሱ ሲተኛ ዋይፋዩም ይቆማል። ብዙ ስልኮች ደግሞ የተገናኛቸው መሣሪያ ከሌለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሆትስፖታቸውን ይዘጋሉ። አንዱ ሲተኛ ሌላው በሩን ይዘጋበታል ማለት ነው።

ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ሲስተም ከሚለው ሥር ፓወር የሚለውን ክፈቱ። ስሊፕ የሚለውን «ኔቨር» አድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ማውረዱን አያቆመውም። እዚያው ላይ ሁለት መስመር ታያላችሁ፤ አንዱ ቻርጀር ላይ ሲሆን፣ ሌላው በባትሪ ሲሠራ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስተካክላል፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። ሌሊት መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞርና በሁለተኛው መስመር ትእዛዝ ይተኛል። መብራት በሚመላለስበት አገር ዋናው ሁለተኛው ነው።

ክዳኑን አትዝጉት፤ ሲዘጋ እንዲተኛ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ዋይፋዩ ከተቋረጠ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር የዋይፋዩን ስም ፈልጉ። «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅድ ምልክት አለ፤ አንሱት። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ የለም፤ ከሌለ አትድከሙ።

ስልኩ ላይም ሆትስፖት በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዋይፋዩን ጨርሶ መተው ነው፤ ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ክፈቱ። ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ይደረጋል።

ዊንዶውስ ጥቅላችሁን ለራሱ ማሻሻያ እንዳይበላው ኔትወርኩን «ሜተርድ» አድርጉት። ላፕቶፑን ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታሳድሩት፤ አየር አጥቶ ይግላል። ጠረጴዛ ከሌለ እንደኛ የእንጀራ ሰፌድ ገልብጡለት። የቤት ዋይፋይ ያላችሁ ደግሞ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ቢነቃም ራውተሩ እንደሚጠፋ አትርሱ።

በሁለተኛው ሌሊት ጥቅሉን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ አልተከራከረችኝም። ስልኩን በገመድ አገናኘነው፤ ሁለቱንም መስመር «ኔቨር» ያደረገችው ራሷ ናት። ጎህ ሲቀድ በባዶ እግሯ ወጥታ ስትቆጥር ሰማኋት፤ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። የላፕቶፑ ባትሪ 14 በመቶ ቀርቶታል። ሌሊት መብራት ሄዶ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው።