ሸክላችንን ማን ወሰደው?

ባለፈው ክረምት አክስቴ ቤት ሄጄ ከአልጋ ሥር የነበረውን የአጎቴን ሻንጣ ፈለግኩ። አጎቴ በሕይወት ሳለ ያንን ሻንጣ ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር። ውስጡ አርባ ያህል ሸክላ ነበረበት።

«እሱንማ ለልዋጭ ሰጠሁት ልጄ» አለችኝ አክስቴ። «ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ! ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

በምትኩ ያገኘችው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ግቢው ውስጥ ልብስ ተዘፍዝፎበት ነበር።

አክስቴን ልወቅሳት አልቻልኩም። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ነው።

ስለ ሸክላ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ የለመድነው እሮሮ አለ፤ «ፈረንጅ ጠራርጎ ወሰደብን» የሚል። ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ አንድ የድሮ የኢትዮጵያ ሸክላ የሚፈልግ ሰው ከመርካቶ ይልቅ በኢንተርኔት ገበያ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ሌላውን ግማሽ ግን እኛ አንናገረውም። ፈረንጁ የገዛው እኛ የጣልነውን ነው።

ታሪኩን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ይህንን ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ሕንድ ሀገር አሳተመ። ሌሎችም ተከተሉ፤ ካይፋ ሪከርድስ አንዱ ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፣ ካሴትም ቦታውን ወሰደ። አምሃ በ1975 ሀገር ጥሎ ወጣ። የሸክላችን ወርቃማ ዘመን አሥር ዓመት እንኳን አልሞላም።

አሁን ከሮክ ሙዚቃ ጋር እናነጻጽረው። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የወጣው በ1973፣ የእኛዎቹ በሚታተሙበት ዘመን ነው። በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። አንድ ሰው የሱን ቅጂ ቢሰብረው የሚጎዳው ኪሱ ብቻ ነው። የእኛው የታተመው ግን ለአንድ ድሃ ሀገር ከተሜ በሚበቃ ቁጥር ነበር። ከእሱም ላይ የተበላሸው፣ የጠፋው፣ የተጣለው ሲቀነስ አንዳንዱ ዘፈን በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ የቀረ ይሆናል።

«ዩቲዩብ ላይ አለ አይደል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ግን ከየት መጣ? አንድ ሰው ያስቀመጠውን ሸክላ አጫውቶ ስለቀዳው ነው። ዝነኛው ዘፈን ሲጫን የጀርባው ዘፈን ይቀራል፤ ልጣፉ ላይ የሰፈረው የባንዱ ስምና የሕትመት ቁጥርም አብሮ ይቀራል።

ዋናው ቅጂ ደግሞ ሀብታም ድርጅት ዘንድም አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሆሊውድ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በተነሳው እሳት የዋና ቅጂዎች ማከማቻ ተቃጥሏል። ምን ያህል እንደጠፋ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ጉዳቱን ዓለም በስፋት የሰማው ኒውዮርክ ታይምስ በ2019 ሲያወጣው ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ሙዚቃ እውነተኛ መዝገብ ቤት በየሰው አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ስለዚህ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እነዚህን ዘፈኖች አሰባስቦ «ኢትዮጲክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ ሲያሳትም ሌብነት ብቻ አድርጎ ማየት ይከብደኛል። የገንዘቡ ድርሻ ለባለሙያዎቻችን በትክክል ደርሷል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ግን ያ ሰው ባይሰበስበው ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገርስ ይኖረን ነበር?

የሚያሳስበኝ አሁን ያለንበት ጊዜ ነው። በየሰፈሩ አሮጌ ቤት ይፈርሳል። ሰው ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ጠባብ ኮንዶሚኒየም ይገባል። መጀመሪያ የሚጣለው ደግሞ የማይሠራ የሚመስለው ነገር ነው። ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። አምሃ እሸቴም አለማየሁ እሸቴም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ2021 ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ቤታችሁ ሸክላ ካለ ከመጣላችሁም ከመሸጣችሁም በፊት የሁለቱንም ገጽ ልጣፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በመሐሉ ለስላሳ ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥርም ጻፉ። አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩ፤ በቁም አስቀምጡት፤ ፀሐይ አታስነኩት።

ሁለተኛ፣ መሸጥ ነውር አይደለም። ችግር ያለበት ሰው ይሽጥ። ግን መጀመሪያ ይቀዳ። ቀድቶ ማስቀመጥና ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅም ይለያያሉ፤ በአዋጅ 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት እሱ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል።

ሦስተኛው ለመንግሥት ነው። ለወመዘክርና ለሬዲዮ ጣቢያዎች አንድ ሥራ ቢሰጥ፦ ማንም ዜጋ ሸክላውን ይዞ ሄዶ፣ በነጻ ተቀድቶለት፣ ተመዝግቦለት፣ ዕቃውን መልሶ ይዞ የሚወጣበት አንድ ክፍል። ሰው ንብረቱን እንዲለግስ አያስገድድም። ሕንጻ አይጠይቅም። ማጫወቻ፣ ኮምፒውተርና ሙያውን የሚወድ ሁለት ሰው ይበቃዋል።

የአጎቴ ሸክላዎች አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። አንዱ ፓሪስ መደርደሪያ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ አለ ማለት ነው። የምፈራው ቆሻሻ ገንዳ ገብቶ እንዳይሆን ነው።

ዛሬ ማታ አልጋችሁ ሥር ተመልከቱ። እናቶቻችሁንም ጠይቁ፤ ከልዋጩ ቀድማችሁ።