ጋብቻ የሴትን ሥራ ማቋረጫ አይሁን

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የሚከበረው የቃና ዘገሊላ በዓል ጌታችን በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበት መታሰቢያ ነው። ወሩም የሰርግ ወር ነው። በባሌ ደጋ፣ በሲናናና በአጋርፋ ስንዴው በኮምባይነር ታጭዶ ወደ ጎተራ በሚገባበት ወቅት፣ በሮቤና በጎባ የሰርግ ድንኳን ይበዛል። ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሹና ስለ ድግሱ ሲመካከሩ ያመሻሉ። ሙሽራይቱ ከሰርጉ በኋላ ሥራዋን እንዴት ትቀጥላለች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በጎባ ሆስፒታል የምታገለግል ነርስ፣ በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ጸሐፊ፣ በሮቤ ገበያ እህል የምትነግድ ወጣት እስከ ሰርጓ ዋዜማ ድረስ በላቧ የምታድር ናት። ካገባች በኋላ ግን እንጀራ መጋገሩ፣ ልጅ መንከባከቡና እንግዳ መቀበሉ ሁሉ ከሥራ መልስ በእርሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ማንም ሥራሽን ተዪ ሳይላት ድካሙ ራሱ ያስተዋታል።

ሕጉ በበኩሉ በሩን ከከፈተ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ አንደኛው ተጋቢ ሌላው የያዘውን ሥራ በቤተሰቡ ጥቅም ስም እንዲቃወምም ይፈቅድ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ ለውጡ ቀድሞ በተጀመረባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራና ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅ ሥራ ያላቸው ተሳትፎ ከሌሎቹ ይበልጥ መጨመሩን አመልክተዋል። ይሁን እንጂ ሕግ ክልከላን ያነሣል እንጂ እሳት አያነድም፤ ልጅም አያዝልም።

ሥራን ማቋረጥ የሚያሳጣው የዛሬን ደመወዝ ብቻ አይደለም። በአገራችን የጡረታ ሕግ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት ሥራዋን የተወች እናት ስታረጅ በራሷ አገልግሎት የምትጦርበት አበል አይኖራትም።

አንዳንድ ወገኖች የሴት ቦታዋ ቤቷ ብቻ እንደሆነ መጽሐፍ አዟል ይላሉ። ነገር ግን መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 31 የሚያመሰግናት ሴት ቤቷን በሚገባ የምትመራ፣ ደግሞም እርሻ መርምራ የምትገዛ፣ የእጇን ሥራ ለነጋዴ የምትሸጥ ናት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የምናገኛቸው አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን በመስፋት የሚተዳደሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስም በቤታቸው ተቀምጦ አብሯቸው ሠርቷል። ጋብቻቸው ሥራቸውንም አገልግሎታቸውንም አላስተጓጎለም።

ይህ ሲባል ወዳና ፈቅዳ ቤቷን የያዘች እናት ድካም ይናቃል ማለት አይደለም። የሚነቀፈው ሳይመከርበት በልማድ ብቻ በአንዷ ላይ የሚጫነው ሸክም ነው። በተክሊል የተጋቡ ሁለቱ አንድ አካል ናቸው። አንድ አካል ከሆኑ ደግሞ አንደኛው እጅ ሲዝል ሌላው ተጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም። ባል እሳት ቢያነድ፣ ልጅ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። በቃናም ቢሆን ተአምሩ የተፈጸመው አገልጋዮቹ ደክመው ስድስቱን ጋኖች ውኃ ከሞሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሹ በሚነጋገሩበት ሸንጎ ስለ ሙሽራይቱ ሥራም ይነጋገሩ። ሕጉ ተጋቢዎች በጋብቻ ውል ስለ ግል ግንኙነታቸው ጭምር እንዲስማሙ ስለሚፈቅድ፣ የተስማሙበትን በጽሑፍ ያስፍሩት። የነፍስ አባቶችም ሙሽሮቹን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት በሚመክሩበት ጊዜ የቤቱን ሥራ እንዴት እንደሚካፈሉ ይጠይቋቸው። አማቶችም ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ ምድጃው ሞቆ እንዲቆያት ቢያደርጉ ከጥሎሽ የሚበልጥ ስጦታ ሰጧት ማለት ነው።