የቫይራል ሎድ ውጤታችሁ ስንት ነው? ማን ነገራችሁ?

ዛሬ የምጽፈው ምክር ብቻ አይደለም፤ ቅሬታም አለበት። ከጥፋቱ የራሴም ድርሻ ስላለ ከእሱ ልጀምር።

ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩበት ሆስፒታል የኤ አር ቲ ክፍል ስሠራ አንዲት እናት ትመጣ ነበር (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ቀጠሮ አታዛንፍም። ፊቷ ወዝ አለው፣ ኪሎዋ ጨምሯል፣ የምታጠባው ልጅም ድንቡሽቡሽ ያለ ነው። "እንዴት ነሽ?" ስላት "እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተር፣ ደህና ነኝ" ትላለች። መድኃኒቷን ጽፌ እሸኛታለሁ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሸኝቻታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን የሌላ ታካሚ ውጤት ፍለጋ ላብራቶሪ መስኮት አጠገብ ያለውን ቦክስ ፋይል ሳገላብጥ የእሷ ወረቀት እጄ ገባ። የቫይራል ሎድ ውጤት ነው። ከመጣ ሦስት ወር ሆኖታል። ከ40,000 ኮፒ በላይ ይላል።

ሦስት ወር ሙሉ ወረቀቱ እዚያ ተኝቷል። እሷ ልጇን ታጠባለች፣ እኔ "ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥይ" እላታለሁ።

ደውለን ጠራናት። መጀመሪያ ምንም አልነገረችኝም። በኋላ ነው ያወጣችው፦ ስትወልድ አማቷ ሊያርሷት መጥተው ሳይሄዱ ቆይተዋል። ከባሏ በቀር ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። የክኒኑ ብልቃጥ ደግሞ ሲነሳ ይንሿሿል። አንድ ቀን ዘለለች፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሳምንት። "ለምን አልነገርሽኝም?" ስላት "ይቆጡኛል ብዬ ነዋ!" አለችኝ። ልክ ነበረች፤ እቆጣት ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘነው። ክኒኑ የማይንኳኳ ዕቃ ውስጥ ገባ፣ ማታ ማታ የማቀበሉን ነገር ባልየው ተረከበ። ከሦስት ወር በኋላ ስንለካ ቫይረሱ ከ50 ኮፒ በታች ወርዷል። ልጁንም ያኔውኑ አስመረመርነው፤ ነጌቲቭ። ጡት ከተወ በኋላ የተደረገለትም ነጌቲቭ። ለዚህ ግን እኛ ምስጋና አይገባንም።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ቫይራል ሎድ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት የቫይረስ ቅጂ እንዳለ የሚነግረን ምርመራ ነው። ሲዲ ፎር የሚቆጥረው የሰውነታችንን ወታደሮች ነው። መድኃኒት ሲዘለል ወይም ቫይረሱ መድኃኒቱን ሲላመድ ቀድሞ የሚጨምረው ቫይረሱ ነው። ሲዲ ፎር የሚወርደው ቆይቶ ነው። ኪሎ መቀነሱና ሕመሙ የሚመጣው ደግሞ ከዚያም በኋላ። "ወፍሬያለሁ፣ አምሮብኛል" የሚለው መለኪያ ለዚህ ነው የሚያታልለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለክትትል ቫይራል ሎድን ያስቀደመውም ለዚሁ ነው፦ መድኃኒት በተጀመረ በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ግን ዓመት መጠበቅ የለባቸውም፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይለካሉ። ውጤቱ ከ1,000 በላይ ከሆነ ምክንያቱ ተፈልጎ፣ ሰውየው ታግዞ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ይለካል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "ድሮ ያለዚህ ሁሉ ምርመራ ስንት ሰው አልዳነም ወይ?" ይሉኛል። እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ዳርት የሚባለው ጥናት በኡጋንዳና በዚምባብዌ 3,316 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ መደበኛ የላብራቶሪ ክትትል ከነበራቸው 90 በመቶው፣ በሐኪም ምልከታ ብቻ ከታከሙት ደግሞ 87 በመቶው በሕይወት ነበሩ። (ላብራቶሪ ሲባል እዚያ ሲዲ ፎርና የመሳሰለው ነው፤ ቫይራል ሎድ አልነበረበትም።) ያኔ ጥያቄው "ላብራቶሪ የለም ብለን ሰው መድኃኒት እንከልክል ወይ?" የሚል ነበር። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሁሉ ነገር እስኪሟላ ቢጠበቅ ኖሮ ብዙ ሰው ይሞት ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። የዳርት ታካሚዎች በየወሩ ነርስ ያያቸው ነበር። ዛሬ ደህና ነው ያልነውን ሰው የስድስት ወር መድኃኒት ሰጥተን እንሸኘዋለን። ይህን እደግፋለሁ፤ ሥራ ማስፈቀድና ወረፋ ቀንሷል፣ ሰውም ከሐኪም ቤት ደጅ ተገላግሏል። ነገር ግን በዓመት ሁለቴ ብቻ የምናየውን ሰው ውስጡን የሚያሳየን ያ አንድ ቁጥር ነው። እሱም ቦክስ ፋይል ውስጥ ከቀረ ማንም እያየው አይደለም ማለት ነው።

"አሁን ያለው ዶሉቴግራቪር ጠንካራ ነው፣ ቫይረሱ በቀላሉ አይላመደውም" የሚሉም አሉ። አዎ፣ ጠንካራ ነው። ያልተዋጠ ዶሉቴግራቪር ግን አይሠራም። አንድ ነገር በዚሁ ላስታውስ፦ የአይረን ወይም የካልሲየም ክኒን ከዶሉቴግራቪር ጋር በባዶ ሆድ አብሮ ከተዋጠ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር፣ ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ። እርጉዞች፣ ይቺን ያዙልኝ! ለጨጓራ የሚወሰዱ አንታሲዶችም ይይዙታልና (እነዚህ ከምግብ ጋርም አይሆኑም) ሰዓቱን ጠብቁ።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። ስብሰባ ላይ ስንቀመጥ የምንጠይቀው ማሽን ነው። ማሽን ያስፈልጋል፣ አልካድኩም። ነገር ግን ደም ተቀድቶ፣ ናሙናው በመኪና በፖስታ ተጉዞ፣ ውድ ኬሚካል ወጥቶበት ውጤቱ ከመጣ በኋላ ከላብራቶሪ መስኮት እስከ ታካሚው ካርድ ያለችውን ሃያ ሜትር መሻገር ካቃተው ገንዘቡን ውኃ በላው። በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ 390 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። የአንዱ ቡድን ቫይራል ሎድ እዚያው ተለክቶ ውጤቱ በዚያው ቀን ይነገረዋል፤ ክትትሉንም የሠለጠነ ነርስ ይዞታል። የሌላው ናሙና እንደተለመደው ወደ ማዕከል ይላካል። ከአንድ ዓመት በኋላ ቫይረሱ ተገትቶለት በክትትል ላይ የቆየው ከመጀመሪያው ቡድን 90 በመቶ፣ ከሁለተኛው 76 በመቶ ነው። ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት ማሽን በሌላ ካርትሪጅ ቫይራል ሎድንም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሠራል። ለሁሉም ይዳረስ አልልም፤ ካርትሪጁ ውድ ነው፣ የቲቢው ወረፋም አለ። ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለሕፃናትና ባለፈው ከፍ ብሎ ለተገኘባቸው ግን ቅድሚያ መስጠት እንችላለን ባይ ነኝ።

ከማሽኑ በላይ የሚያሳስበኝ ሰው ነው። በብዙ ቦታ ውጤቱን ካርድ ውስጥ የሚከተው ዳታ ክለርክ፣ ስልክ የሚደውለው ኬዝ ማናጀር ደመወዙ ከውጭ እርዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አግጃለሁ ሲል ብዙ ሰው የጨነቀው "መድኃኒት ያልቅ ይሆን?" ብሎ ነው። እኔን ደግሞ "ማን ይደውልላቸዋል?" የሚለው አስጨነቀኝ። ክኒን ሲጠፋ ሁሉም ይጮኻል። ደዋይ ሲጠፋ ግን ማንም ልብ አይለውም። ይህ ሥራ በመንግሥት በጀት የሚያዝ ቋሚ የሥራ መደብ መሆን አለበት።

እስከዚያው መድኃኒት የምትወስዱ ወገኖች፣ ውጤቱ የእናንተ ነው። "ጥሩ ነው" ሲሏችሁ "ስንት ነው? መቼ የተቀዳው?" በሉ። ቁጥሩንና ቀኑን ስልካችሁ ላይ እናንተ ብቻ በምታውቁት መንገድ ያዙት። ሲም ካርድ ስትቀይሩ አዲሱን ቁጥር አስመዝግቡ። ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሳ ምን እንደሚባልም ከነርሷ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ እኛ ጋ የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጡት ብዙዎቹ ስልኩን እህት ወይ ባል እንዳያነሳው ፈርተው ነው። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግብረ ሥጋ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ጡት ማጥባት ላይ ግን አደጋው በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ ነው አይባልም፤ ስለዚህ የምታጠቡ እናቶች ቀጠሮው ቢርቅባችሁ እንኳ ሄዳችሁ "ልለካ" በሉ። ክኒን ከዘለላችሁም ንገሩን። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ለሌላው ንገሩ።

ባልደረቦቼ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ያንን ቦክስ ፋይል አንዴ አገላብጡት።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ። የራሳችሁን ውጤት ግን ኮሜንት ላይ አትጻፉ፤ ኢንቦክስ ክፍት ነው፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።