ስለ ተረሱ ፊልሞችና ስለ አሮጌ ሣጥን

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ቤቱን የሚያዛውር ሰው ብዙ ነው። ዕቃ በሚጫንበት ቀን አስቀድሞ የሚጣለው አሮጌው ሣጥን ነው። በውስጡም የአያት ሸክላ፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ምናልባትም የፊልም ጥቅል ይኖር ይሆናል። ይህ ከመጣሉ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር «ጎልድ ዲገርስ ኦፍ ብሮድዌይ» የተባለ፣ ሣቅና ዘፈን የተባበሩበት ባለ ቀለም ፊልም ወጣ። ሕዝቡም እጅግ ወደደው። ዛሬ ግን ከሥዕሉ የተረፈው ቍራጭ ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ በሙሉ ይገኛል። ይህም የሆነው በዚያ ዘመን የብዙ ፊልሞች ድምፅ ለብቻው በሸክላ ይቀረጽ ስለ ነበረ ነው። የሸክላው ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ አንዱም 11 ደቂቃ ያህል ይናገር ነበር። ስለዚህ ብዙ ፊልሞች ሥዕላቸው ያለ ድምፅ፣ ድምፃቸውም ያለ ሥዕል ተለያይተው ቀሩ።

በ1991 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) እንዲህ ያለውን የሚሰበስቡ ሰዎች «ቫይታፎን ፕሮጀክት» የተባለ ማኅበር አቁመው፣ ሸክላውን ከሥዕሉ እያገናኙ ብዙ አጫጭር የዘፈንና የቀልድ ፊልሞችን እንደገና አናገሩ። ሰብሳቢዎቹ ያልታወቀውን ፊልም የሚወዱበትም ምክንያት አለው። ዝነኛውን ፊልም ኩባንያው ይጠብቀዋል፤ ያልታወቀውን ግን ካኖረው ቤት በቀር ጠባቂ የለውም። ደግሞም ስሙ የተረሳውን ዘፋኝ ፊት፣ የዘመኑን ልብስና ጭፈራ፣ ሰዎች በምን ይሥቁ እንደ ነበረ ያሳያል።

የእኛም አገር ነገር ከዚህ አይርቅም። አቶ አምሃ እሸቴ እንደ ፈረንጆች በ1969 ዓ.ም. በጀመሩት በአምሃ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች ዛሬ በባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ዘንድ አጥብቀው ይፈለጋሉ።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንናገር። የሱሉልታ ብርድ ለፊልም ይስማማዋል፤ የክረምት ርጥበት ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቆ ማኖር ይገባል። ሸክላን አቁሞ ማስቀመጥ እንጂ መደራረብ አይገባም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም መበላሸት ጀምሯልና ከሌላው ይለይ። ሻጋታ የያዘውን ካሴት ዐዋቂ ሳያየው በመሣሪያ ማጫወት አይገባም። ከሲኒማ ቤት የወጣ፣ ከ1950 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) በፊት የተሠራ ፊልም ቶሎ የሚቀጣጠል ሊሆን ስለሚችል እሳት አይቅረበው።

ከሁሉም በላይ፣ ሽማግሎቹ በሕይወት ሳሉ በዕቃው ውስጥ የሚዘፍነው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። ስም የሌለው ዕቃ ቶሎ ይጣላልና።