እንግሊዝኛን በጆሮ ስለ መማር

በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ የምናቀርበው ነገር የውጭ ቋንቋን በጆሮ ስለ መማር ነው። ነገሩን ያነሣነው በፍርድ ቤት በደረሰብን ኀፍረት ምክንያት ስለ ሆነ፥ አስቀድመን ይህንኑ እንናገራለን።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግል፥ እንግሊዝኛ ያውቃል የሚል ስም ወጥቶልን ነበር። ስሙም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። በልጅነታችን ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን ሚስዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ሰዋስውን ከነዝርዝሩ ተምረናልና፥ የተጻፈ ደብዳቤ ቢመጣ እናነብባለን፥ መልሱንም እንጽፋለን። አንድ ቀን ግን ከቡሬ ነጋዴ ጋራ በበርበሬ ሒሳብ የተካሰሰ አንድ የውጭ አገር ሰው ቀረበ። አስተርጓሚው በመንገድ ስለ ዘገየ ዳኛው ወደ እኛ ዞረው፥ «እስኪ እርስዎ ለጊዜው ይርዱን» አሉን። ሰውዬው ሲናገር «ዴት» የሚል ቃል ደጋገመ። እኛም ቀን ማለቱ መስሎን፥ «ቀኑን አልከፈለኝም ይላል» ብለን ተረጐምን። ቀጥሎ «ሪሲት» አለ፤ ይህንንስ ከቶ ሰምተነው የማናውቅ ቃል ስለ ሆነብን ዝም አልን። በመጨረሻው ቢቸግረው ብዕር ለምኖ ሁለቱንም ቃላት በወረቀት ጻፈልን። ባየናቸው ጊዜ ሁለቱም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው ዕዳ፥ ሁለተኛው ደረሰኝ ማለት ነው። እኛ ግን አስተማሪያችን እንዳስተማረን «ዴብት» እና «ረሲፕት» ስንል ኖረናል። በመካከል ያሉት ፊደላት የሚጻፉ እንጂ የማይነበቡ መሆናቸውን የነገረን አልነበረም። የዕዳው ነገር ቀን ተብሎ በመዝገብ ሳይገባ የቀረው በሰውዬው ትዕግሥት ነው እንጂ በእኛ ዕውቀት አይደለም።

ይህ ነውር የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባላወጣነው ነበር። ነገር ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር የሚያድገው ልጅ ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ትምህርቱን አብዛኛውን በአማርኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛ ከትምህርቶች አንዱ ብቻ ነው። በ9ኛ ክፍል ግን ሒሳቡም፥ ሥነ ሕይወቱም፥ መልክዐ ምድሩም ሁሉ በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጆሮው የሚመረመርበት ጊዜ የለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ጥያቄው የሚነበብ እንጂ የሚደመጥ አይደለምና፥ መምህሩም ተማሪውም የማይፈተነውን ነገር ይተዉታል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ የምታስታውሱት ነው። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ሲሆን፥ አራት ዓመት ሙሉ የመምህሩን ንግግር በግማሽ እየሰሙ መቀመጥ ከምክንያቶቹ አይጐድልም ብለን እናምናለን።

መንግሥት ይህን ለማቃለል ያደረገው ሙከራ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ፕላዝማ የሚባለው ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፥ ትምህርቱ በሳተላይት አማካይነት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበር፤ የገጠሩም ልጅ የከተማውም ልጅ አንድ ዓይነት መምህር እንዲያገኙ ነውና። ይሁን እንጂ በሥዕሉ ውስጥ ያለው መምህር «ቆይ፥ ድገምልኝ» ቢሉት አይሰማም። ልጁ የመጀመሪያውን ቃል ሲፈታ እርሱ አሥረኛው ላይ ደርሷል። መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ ጥሎ ይሄዳል። እኛ እንደሚመስለን የፕላዝማው ጉድለት ባዕድ ድምፅ ማሰማቱ ሳይሆን፥ ድምፁ በተማሪው እጅ አለመሆኑ ነበር።

አሁን በየቤቱ ያለው የእጅ ስልክ የሚበልጠው በዚህ ነው። ይቆማል፥ ይመለሳል፥ ፍጥነቱም ይቀነሳል። ዩቲዩብ በሚባለው የሥዕልና የድምፅ ማከማቻ የተናጋሪውን ፍጥነት ወደ ሦስት ሩብ ማውረድ፥ ንግግሩንም ከሥዕሉ ግርጌ በጽሑፍ ማየት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት ከማንኩሳ ማዶ ካለ ገጠር (ያችው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ የገነነው ማንኩሳ ናት) የወንድማችን ልጅ 9ኛ ክፍል ለመግባት ወደ ቤታችን መጣች። ጓደኞቿ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክመው በፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለ ትምህርቷ ብንጠይቃት፥ «ጋሼ፥ መምህሩ ሲጽፉ ይገባኛል፤ ሲናገሩ ግን እንደ ወንዝ ድምፅ ነው የሚሆንብኝ» አለችን። የፍርድ ቤቱ ቀን ትዝ ስላለን እንረዳት ዘንድ ወሰንን።

መጀመሪያ ያደረግነው ስሕተት ነበር። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም አምጥተን፥ «እያየሽ ጆሮሽ ይለምዳል» አልናት። ልጅቱ ሥዕሉን አየች እንጂ ቃሉን አልሰማችም፤ የወሩ የኢንተርኔት ጥቅልም በአንድ ሌሊት አለቀ። የቤታችን እመቤት በዚህ የተናገረችንን በጋዜጣ አንጽፈውም።

በኋላ የቄስ ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ብናስብ መልሱ ከደጃችን ኖሯል። የኔታ ልጁን ንባብ ሲያስተምሩ መጽሐፍ ሰጥተው አይሄዱም። አንዲቱን መስመር እርሳቸው ያነብባሉ፥ ልጁ ይከተላል፤ ተነሹን ቢጥል፥ ወዳቂውን ቢያነሣ ያንኑ ያስደግሙታል። ግዕዝ ንባብ፥ ውርድ ንባብ፥ ቁም ንባብ እየተባለ በየደረጃው የሚወጣው ጆሮና ምላስ አንድ እስኪሆኑ ነው። በዋሸራና በጎንጅ ስም የሚጠራው ቅኔም በጆሮ ተቀብሎ በቃል የሚያዝ ነው። እንግሊዝኛም ተነሽና ወዳቂ አለው ብንል ሐሰት አይሆንም። «ፕሬዘንት» የሚለው ቃል ድምፁ በመጀመሪያው ሲነሣ ስጦታ፥ በኋለኛው ሲነሣ ማቅረብ ይሆናል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ትተን አጭር ንግግር መረጥን። የእንግሊዙ ቢቢሲ ሁለት ሰዎች ለስድስት ደቂቃ የሚነጋገሩበትን ትምህርት ከነጽሑፉ በነጻ ያወጣል። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከጥቅምት 1952 ዓ.ም. ጀምሮ በ1,500 ያህል ቃላት፥ በአጭር ዐረፍተ ነገርና በዝግታ የሚነበብ ዜና ለተማሪዎች ሲያሰማ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር የጣቢያው ሥራ ቢገታም፥ ቀድሞ የተቀዳውን ያስቀመጡ ሰዎች ለጀማሪ ይጠቀሙበታል። ከነዚህ አንድ ደቂቃ ብቻ ቈርጠን፥ ጽሑፉን ሳታይ ሦስት ጊዜ ታዳምጣለች፤ የሰማችውን ትጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ ከጽሑፉ ጋራ ታስተያያለች። በመጨረሻውም ከተናጋሪው እኩል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትላለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ለልጅ ያሳፍራልና በሩን ዘግተን እንተዋታለን።

አንድ ማታ ወረቀቷን ይዛ መጥታ፥ «ሰውዬው ስለ ዋና ይናገራል፤ ወንዝ ግን የለበትም» አለችን። ብናዳምጠው «ዋና» ያለው እውነት ነው፤ ነገር ግን እፈልጋለሁ የሚለው «ዎንት ቱ» በፍጥነት ሲነገር እንዲያ ይሆናል። እኛም በአማርኛችን ዋና ብለን ጽፈን አንዱን አጥብቀን አንዱን አላልተን እናነብባለንና፥ ይህን ስንነግራት ቶሎ ገባት። ከዚያ ወዲህ የተዋሐዱ ቃላትን እያደነች ትጽፋለች። አነጋገርዋን ስንመረምር ደግሞ የአገራችን ሰው ሁሉ የሚስታቸውን አገኘን። ከፊት የተደራረቡትን ድምፆች ሳድስ አስቀድማ «እስኩል» ትላለች፤ ምላስ ከጥርስ መካከል የሚወጣበትን ድምፅ ወደ ስ ወይም ወደ ዝ ትለውጠዋለች፤ ፐንም እንደ ገጠሩ ሰው «ቦሊስ» እንደሚለው ወደ በ ትመልሰዋለች። በዚህ ጊዜ የጠቀማት ሥዕል ነው፤ የተናጋሪውን ከንፈርና ምላስ ቀርቦ የሚያሳየውን አይታ፥ መስተዋት ፊት ቆማ ታስመስለዋለች። ለፐ ደግሞ ቀጭን ወረቀት ከአፏ ፊት ይዛ፥ ወረቀቱ ካልተርገበገበ እንደ ገና ትላለች።

ወጪውን የምትፈሩ ወላጆች ይህን አስቡ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ በበረታ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። በዚያ ወራት የተማረ ልጅ ቢኖር በስልኩ አስቀድሞ ያኖረ ነው። ስለዚህ መስመሩ ሲገኝ ድምፁንና ጽሑፉን ቀድታችሁ በሚሞሪ ካርድ አኑሩ፤ ከካርዱ ወደ ጎረቤት ልጅ ስልክ በብሉቱዝ ለማሳለፍ ሳንቲም አይጠየቅም። መብራት በሌለበት ገጠርም የተቀዳ ድምፅ ብቻ መስማት ከሥዕል ይልቅ ባትሪ ይቈጥባል። ስልኩንም ልጁ ከማዳመጡ በኋላ ተቀበሉት፤ ሌላ ነገር የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ልጅቱ አሁንም መምህሯን ሁሉ ትሰማለች አንልም፤ ወንዙ ግን ቃል ቃል እየሆነላት መሄዱን ትናገራለች። ባለፈው ቅዳሜ የቤታችን እመቤት ከገበያ ስትመለስ፥ «ረሲፕቱ የት አለ?» ብለን ብንጠይቅ፥ ልጅቱ ከጓዳ ሆና በቀስታ፥ «ሪሲት ነው ጋሼ» አለችን። ሠላሳ ዓመት የለመደው ምላሳችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያችን ፊደል አልተዋትም።